ፕሮፎርማው ላይ ያልተጻፈው፦ የቢሮ ሰርቨር በአምስት ዓመት ስንት ያወጣል?

(ለገሐር አካባቢ ለድርጅት ባለቤቶችና ለሒሳብ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አረፈዳችሁ።

ከቸርችል ጎዳና እስከ ሜክሲኮ ባሉ ቢሮዎች "ሰርቨር እንግዛ" ሲባል የሚደረገው ነገር ተመሳሳይ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛው ይከበብበታል፣ ክፍያ ይጠየቃል። ለወንበርና ለጠረጴዛ ይህ ይበቃል። ሰርቨር ላይ ሲመጣ ግን ሦስቱ ፕሮፎርማዎች የያዙት ሦስት የተለያየ ዕቃ ነው። አንደኛው ብረቱን ብቻ ይሸጣል። ሁለተኛው "ዊንዶውስ ሰርቨር የተጫነበት" የሚል መስመር አለው፤ ላይሰንስ፣ ማለትም የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ይኑረው አይኑረው አይናገርም። ሦስተኛው ላይሰንሱን ከነተጠቃሚው ቆጥሮ አስገብቷል፤ ስለዚህ ውድ መስሎ ይወድቃል። ከሦስቱ ሐቀኛው እሱ ነበር።

ዛሬ ሰርቨር የሚሠራባቸውን ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች፣ ዊንዶውስ ሰርቨርንና ሊኑክስን፣ እንዲሁም ክላውድን፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨርን፣ የውጭውንም የአገር ውስጡንም እናስተያያለን። መለኪያችን አንድ ጥያቄ ነው፦ በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ዶላር መፈለግ ይኖርባችኋል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት ባንኮች አንዱን ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዝሩ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ላይሰንሱን ከዚያ በፊት አንዴ ከፍሎ የጨረሰ ድርጅት ምንም አልነካውም። በየወሩ በዶላር የሚከራይ ግን አንድ ሠራተኛ ሳይጨምር፣ አንድ ፋይል ሳይጨምር፣ ሒሳቡ በእጥፍ አደገ።

ለስሌት አንድ ቢሮ እንያዝ። 25 ተጠቃሚ አለው፤ ፋይል ይጋራሉ፣ ሒሳብ ክፍሉ በፒችትሪ ይሠራል፣ አንድ የስቶክ ሲስተም አለ። ሰርቨሩ 16 ኮር ያለው አንድ ፕሮሰሰር አለው፤ ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ አንድ የማስሊያ ክፍል ነው። ዶላሩን 150 ብር ብለን እንያዘው፤ እናንተ በዕለቱ ምንዛሪ ቀይሩት። በውጭ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሌሎች ግብሮች ሊጨመሩ ስለሚችሉ ሒሳብ ሠራተኛችሁ ቀድሞ ይይበት።

ከዊንዶውስ እንጀምር። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨርን የሚሸጠው በኮር ቆጥሮ ነው። ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ 8፣ ለአንድ ሰርቨር ቢያንስ 16 ኮር ይከፈላል፤ ማሽናችሁ 6 ኮር ብቻ ቢኖረውም የ16 ትከፍላላችሁ። የ2025ቱ ስታንዳርድ ለ16 ኮር የወጣበት ዋጋ 1,176 ዶላር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ካል የሚባለው ይቀራል፤ ሰርቨሩን የሚጠቀም እያንዳንዱ ሰው ወይም እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያስፈልገው የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው። አንዱን በ45 ዶላር ብናስብ ለ25 ሰው 1,125 ዶላር ይመጣል። ያልተጻፈው መስመር ከተጻፈው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ድምሩ 2,301 ዶላር፣ በብር 345,150 ነው።

ካል በሰው ወይም በመሣሪያ ይገዛል፤ እዚህ ላይ የሚባክነው ገንዘብ ብዙ ነው። ካዛንቺስ ያለ ሆቴል በሦስት ፈረቃ 30 ሠራተኛ በ10 ኮምፒውተር የሚያሠራ ከሆነ የመሣሪያውን 10 ይግዛ። እያንዳንዱ ሰው ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር፣ በቦርሳው ላፕቶፕ፣ በእጁ ስልክ የሚይዝበት የአስመጪ ድርጅት ደግሞ የሰውን ይግዛ። "መሃል ላይ አንድ ሶፍትዌር ስላለ ሰርቨሩን የሚነካው አንድ ተጠቃሚ ብቻ ነው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑ። በሶፍትዌሩ በኩል የሚገቡት ሁሉ ይቆጠራሉ።

ሠራተኞች ከውጭ ሆነው በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም የሰርቨሩን ስክሪን በርቀት ከፍተው፣ የሚገቡ ከሆነ ሌላ ካል ይጨመራል፤ ዋጋውም ከተራው ይበልጣል። እሱ ሳይገዛ ሲስተሙ ለ120 ቀን ዝም ብሎ ይሠራል። አራት ወር ሲሞላ አንድ ጠዋት ማንም መግባት ያቅተዋል። ያኔ የጫነው ሰው ተከፍሎት ሄዷል።

ፕሮሰሰሩን ስትመርጡም ይህን አስቡ። ያገለገለ ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ሰርቨር፣ እያንዳንዱ 14 ኮር፣ በርካሽ ይገኛል፤ "ጉልበታም ነው" ይባልላችኋል። ዊንዶውስ ስትጭኑበት ግን የምትከፍሉት ለ28 ኮር ነው፤ 2,058 ዶላር። ከባለ 16 ኮሩ በ882 ዶላር፣ ማለትም በ132,300 ብር ይበልጣል። ብረቱ ላይ ያተረፋችሁትን ላይሰንሱ ይወስደዋል።

ስታንዳርድ በአንድ ሰርቨር ላይ ሁለት ቨርችዋል ማሽን፣ ማለትም በአንዱ ብረት ውስጥ እንደ ሁለት ኮምፒውተር ተለያይተው የሚሠሩ ሲስተሞች፣ ይፈቅዳል። ሦስተኛና አራተኛ ከፈለጋችሁ ሁሉንም ኮር እንደገና ትከፍላላችሁ። ዳታሴንተር የሚባለው እትም 6,771 ዶላር ሲሆን ገደብ የለውም፤ ስሌቱን ብትሠሩት ከስታንዳርድ የሚረክሰው ከ11ኛው ቨርችዋል ማሽን ጀምሮ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው 11 የሚያስፈልገው ድርጅት ያለ አይመስለንም።

እስካሁን ያልነው ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ትልቁ ወጪ ያለው ግን የሲስተሙ መረጃ በሚቀመጥበት ዳታቤዝ ላይ ነው፤ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙ። የስቶክ ሲስተማችሁ የተሠራው በማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ በኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ መጀመሪያ ላይ የሚጫንላችሁ ኤክስፕረስ የሚባለው ነፃው ነው። የ2022ቱ ኤክስፕረስ አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት እንዲያልፍ አይፈቅድም። ለሁለት ዓመት ማንም ይህን አያስታውስም። ከዚያ፣ ብዙ ጊዜ የሰኔ ሒሳብ መዝጊያ ሲደርስና ሰው ሁሉ ሲያስገባ፣ ሲስተሙ አዲስ ደረሰኝ አልመዘግብም ይላል። አንብብ ሲሉት ያነባል፤ ጻፍ ሲሉት ግን ስህተት ያወጣል። ሠራተኛው "ኔትወርክ ነው" ይላል። አይደለም፤ ፋይሉ ሞልቷል።

በዚያ ሰዓት ስታንዳርዱን ግዙ ትባላላችሁ። በሰርቨርና በካል ከሆነ 989 ዶላር፣ በተጨማሪ በሰው 230 ዶላር፤ ለ25 ሰው 6,739 ዶላር ነው። በኮር ከሆነ ትንሹ 4 ኮር 7,890 ዶላር ነው። ሁለቱ የሚገናኙት 30 ተጠቃሚ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች በካል፣ ከዚያ በላይ በኮር ግዙ። ከዊንዶውሱ ጋር ሲደመር ቢሯችን 9,040 ዶላር፣ 1,356,000 ብር ደረሰ። ስለዚህ ሲስተም ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "በምን ዳታቤዝ ላይ ነው የሚሠራው?" ፖስትግሬስ ወይም ማሪያ ዲቢ የሚባሉትን ነፃ ዳታቤዞች ካለ ይህ ሁሉ የዳታቤዝ ሂሳብ ዜሮ ነው። ከድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ኦዱ ኮሚዩኒቲ በፖስትግሬስ፣ ኢአርፒኔክስት በማሪያ ዲቢ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ለሶፍትዌሩ አያስከፍሉም።

ወደ ሊኑክስ እንለፍ። "ሊኑክስ ነፃ ነው" የሚለውን ንግግር አንወደውም። ሊኑክስ የዶላሩን ወጪ ወደ ብር ይለውጠዋል፤ ለላይሰንስ ባትከፍሉም ለሚያውቅ ሰው ትከፍላላችሁ። የምታመዛዝኑት በዚህ መንገድ ነው፦ 345,150 ብሩን ለ60 ወር ስናካፍለው በወር 5,750 ብር ገደማ ይመጣል። ሊኑክስ የሚያውቀው ባለሙያ ዊንዶውስ ከሚያውቀው በወር ከዚህ በላይ የሚያስወጣችሁ ከሆነ፣ ለተራ ፋይል መጋራት ዊንዶውስ ይረክሳል። ይህን ስንል የሊኑክስ ወዳጆች ይቀየሙናል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ሲጨመር ግን ልዩነቱ በወር 22,600 ብር ይደርሳል፤ ያኔ ክርክር የለም።

ከሊኑክሶቹ የትኛው? ዴቢያን ወይም የኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው እትም)፣ ወይም አልማ ወይም ሮኪ። በየዓመቱ የሚከፈልበት ሬድ ሃት፣ እሱን በግድ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ካልያዛችሁ በስተቀር፣ አያስፈልጋችሁም። ሴንትኦኤስ የጫናችሁ ካላችሁ ግን ስሙ። ሴንትኦኤስ 8 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2021 ድጋፉ ቆመ፤ ሴንትኦኤስ 7 ሰኔ 30 ቀን 2024 ላይ ቆመ። ማሽኑ ይሠራል፣ ምንም አይልም፤ የጥበቃ ማሻሻያ ብቻ አይመጣለትም። የዊንዶውስ ሰርቨር 2016ም እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 2027 ተራው ይደርሳል። ያገለገለ ሰርቨር ከነ2016ቱ "ላይሰንስ ያለው" ተብሎ ሲሸጥላችሁ የምትገዙት ስንት ወር እንደሆነ ቁጠሩ።

"ፒችትሪስ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ፒችትሪ ዊንዶውስ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባን ከዊንዶውስ ጋር ካሰሯት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። መላ አለው። ሰርቨሩ ላይ ቨርችዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድር ፕሮክስሞክስ የሚባል ሲስተም ይጫናል፤ ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው፤ ድጋፍ ከፈለጋችሁ በፕሮሰሰር ቆጥሮ በዓመት ይከፈላል። በላዩ ላይ አንድ የሊኑክስ ቨርችዋል ማሽን ለፋይልና ለስቶክ፣ አንድ የዊንዶውስ 11 ፕሮ ቨርችዋል ማሽን ለፒችትሪ ታቆማላችሁ። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ፋይል ለማጋራት እስከ 20 መሣሪያ ይፈቅዳል፤ ፒችትሪን የሚነኩት ሦስት አራት ሰዎች ከሆኑ ይበቃል፣ ካልም የለበትም። ላይሰንሱ ለብቻው የተገዛ መሆን አለበት፤ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ የመጣውን ነቅሎ ወደ ቨርችዋል ማሽን መውሰድ አይፈቀድም።

እንደ ፕሮክስሞክስ ያለውን ሥራ የሚሠራውን ቪኤምዌር የሚጠይቁ አሉ። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ከገዛው በኋላ አንዴ ገዝቶ ለዘለዓለም መያዝ ቀርቷል፤ በዓመት የሚታደስ ኪራይ ሆኗል፣ ትንሹ መጠንም በፕሮሰሰር 16 ኮር ነው። በዛሬው መለኪያችን፣ ማለትም ዶላር ስንት ጊዜ በሚለው፣ ለትንሽ ቢሮ ወድቋል።

ክላውድ ላይ አጭር እንሁን። ዲጂታል ኦሽን በሚባለው የውጭ ክላውድ ላይ 8 ጊጋባይት ሚሞሪና 4 ፕሮሰሰር ያለው ማሽን በወር 48 ዶላር ነው፤ ሳምንታዊ ባክአፕ 20 በመቶ ይጨምራል፣ 57.60 ይሆናል። በአምስት ዓመት 3,456 ዶላር፣ በ150 ምንዛሪ 518,400 ብር። ምንዛሪው በየዓመቱ 10 በመቶ ቢወጣ ግን ድምሩ 633 ሺህ ብር ይጠጋል። ክፍያው 60 ጊዜ ነው፤ የውጭ ካርድ 60 ጊዜ መሥራት አለበት። አንድ ወር ካርዱ ቢመለስባችሁ ሰርቨሩ ይታገዳል፤ ቆይቶ ይሰረዛል። በትልልቆቹ፣ ለምሳሌ በአማዞን፣ ዳታ ሲወጣም ይከፈላል፤ አሜሪካ ባለው ክልል ከመጀመሪያው 100 ጊጋባይት በኋላ በጊጋባይት 0.09 ዶላር፣ ኬፕታውን ላይ ከዚያ ይበልጣል። ፒችትሪን የመሰለ ፋይሉን በኔትወርክ ከፍቶ የሚሠራ ሶፍትዌር ደግሞ ባሕር ተሻግሮ አይሠራም፤ መስመሩ በመሃል ሲቋረጥ ፋይሉ ይበላሻል። ድረ ገጽና በብራውዘር የሚከፈት ሲስተም ከሆነ ክላውድ ጥሩ ቦታው ነው።

የአገር ውስጡ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ አለ፤ የራሳችሁን ሰርቨር ወስዳችሁ የምታስቀምጡባቸው ዊንጉና ራክሲዮ የሚባሉ የዳታ ማዕከሎችም አይሲቲ ፓርክ ውስጥ አሉ። የደንበኛና የታካሚ መረጃ የምትይዙ ይህን መንገድ በቁም ነገር እዩት፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ወደ ውጭ ስለመላክ የሚደነግገው አለ። ክሊኒክ ያላችሁ ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ ከሁሉም ርካሹ ወጪ እሱ ነው።

አሁን መብራት። ፕሮፎርማ ላይ ፈጽሞ የማይጻፈው ወጪ ይህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

200 ዋት የሚበላ ሰርቨር በዓመት 1,752 ኪሎዋት ሰዓት፣ በአምስት ዓመት 8,760 ይፈጃል። የመብራት ሒሳባችሁ ላይ ባለው የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አባዙት፤ ኤሲ ካለ ግማሽ ያህል ጨምሩ። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ኤሲ አያስፈልግም የሚሉ ልክ ናቸው፤ ሰርቨሩን ፎቶኮፒ ማሽኑ አጠገብ ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ እስካልዘጉበት ድረስ። አንድ ነገር ግን አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። አንዳንድ አምራቾች "እስከ 35 ዲግሪ" ሲሉ ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ቀንሱ የሚል መስመር በትንሽ ፊደል አለ። ለእኛ 30 ዲግሪ ያህል ይቀራል።

መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚይዘውን ዩፒኤስ አዙራችሁ ጀርባውን እዩት። ከመሰኪያዎቹ ጎን አራት ማዕዘን የሆነች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ብዙ ቢሮ ውስጥ ፕላስቲክ ክዳኗ አልተነሳም። ከሰርቨሩ ጋር የሚያነጋግራት የዩኤስቢ ገመድ የሚገባው እዚያ ነው፤ ገመዱ ግን ካርቶኑ ውስጥ እንደታሸገ ተጥሏል። ያ ገመድ ከሌለ ዩፒኤሱ መብራት መጥፋቱን ለሰርቨሩ አይነግረውም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ይይዘውና ድንገት ይለቀዋል። ዳታቤዝ የሚበላሸው በዚያች ቅጽበት ነው። ገመዱን ሰኩ፤ ሊኑክስ ላይ ኤንዩቲ የሚባለውን፣ ዊንዶውስ ላይ የዩፒኤሱን የራሱን ሶፍትዌር ጫኑ፤ ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ እዘዙት። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው በሌለበት መሰኪያውን ነቅላችሁ ሰዓት ያዙ። ቨርችዋል ማሽኖቹ ሁሉ ለመዘጋት 6 ደቂቃ ከፈጀባቸውና ግማሽ ባትሪ የሚይዘው 4 ደቂቃ ከሆነ ቁጥሩን ከፍ አድርጉት።

ጀነሬተር ያላችሁ ደግሞ ይህን ታውቁታላችሁ፦ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተር ተነሳ፣ አምፖሉ በራ፣ ሁሉም ተረጋጋ። ዩፒኤሱ ግን ቀጭ ቀጭ ማለቱን አላቆመም። ከ20 ደቂቃ በኋላ ጀነሬተሩ እየሠራ ሰርቨሩ ይጠፋል። ርካሹ ዩፒኤስ የጀነሬተሩን የተዛባ ፍሪኩዌንሲ አልቀበልም ብሎ በባትሪው ላይ ቆይቷል። መፍትሔው የዩፒኤሱን የመግቢያ ጥንቃቄ ቅንብር ዝቅ ማድረግ ነው፤ ካልሆነ ኦንላይን የሚባለውን ዓይነት መግዛት። ኦንላይኑ ይወደዳል፤ ለሰርቨር ግን እሱን እንመርጣለን። ባትሪዎቹን በሦስት ወይም በአራት ዓመት አንዴ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመቀየር በጀት ያዙ፤ አሮጌና አዲስ ሲቀላቀል አዲሱ ቶሎ ይሞታል።

ብረቱን በምትገዙበት ቀን ሁለት ተመሳሳይ ትርፍ ዲስክ አብራችሁ ግዙ። ዲስክ ሲሞት በሬድ፣ ማለትም መረጃውን በብዙ ዲስክ ላይ አባዝቶ በሚይዘው አሠራር፣ ምክንያት ሥራው አይቆምም፤ ግን ያንኑ ዓይነት ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት ትጠብቃላችሁ፣ በዚያ መሃል ሁለተኛው ሊሄድ ይችላል። የባክአፕ ዲስክም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሁልጊዜ ከቢሮ ውጭ ይደር። ሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል የባክአፕ ዲስክ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ በገባ ቀን አብሮ ይቆለፋል።

ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እናስፍር።

አንድ የፋርማሲ አስመጪ፦ "ሁሉም ሰው ክራክ ነው የሚጠቀመው፤ ለምን እንከፍላለን?" ብለዋል፤ ክራክ ማለት ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚጫን ሶፍትዌር ነው። ሕጉን ለጊዜው እንተወው። ብዙ ጊዜ "ላይሰንስ ያለው" ተብሎ የሚጫነው የ180 ቀን መሞከሪያው ነው። ቀኑ ሲያልቅ ሰርቨሩ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል፤ ባለሙያ ተጠርቶ ሃርድዌር ሲፈተሽ ይዋላል። ክራኩ ደግሞ የሚሠራው ጸረ ቫይረሱን አጥፍታችሁ፣ ምንጩን ለማታውቁት ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ሰጥታችሁ ነው፤ የደንበኞቻችሁ የዱቤ መዝገብ ባለበት ማሽን ላይ። ላይሰንሱ ከከበዳችሁ ሊኑክስ አለ፤ በክራክና በሙሉ ክፍያ መሃል እሱ ተቀምጧል።

አንዲት የሒሳብ ኃላፊ፦ "ከጨረታ ያገለገለ ሰርቨር አግኝተናል፤ እንውሰድ?" ሲሉ ጠይቀዋል። ሊኑክስ የምትጭኑ ከሆነ የኮሩ ብዛት ስለማያስከፍላችሁ መጥፎ አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት አብሩትና የሬድ ካርዱ ባትሪ ስህተት ያወጣ እንደሆነ እዩ፤ ባትሪው ከሞተ መጻፉ ቀርፋፋ ይሆናል። ሁለቱም ፓወር ሰፕላይ መሥራታቸውን አንዱን እየነቀላችሁ ፈትሹ። ኤችፒ ፕሮላያንት ከሆነ የፈርምዌር (ብረቱን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) ጥቅሉን ለማውረድ ዋስትና ወይም የድጋፍ ውል ይጠየቃል፤ አይኤልኦ የሚባለው የርቀት መቆጣጠሪያውም ያለ ተጨማሪ ላይሰንስ ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ ስክሪኑን አያሳያችሁም። ባዮሱ (የማሽኑ የመነሻ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ ወዲያው እንዳይነሳ፣ ጥቂት እንዲዘገይ አድርጉት፤ እኛ ጋ መብራት ሲመጣ አንዴ መጥቶ ደግሞ ይሄዳል። ዲስኮቹን ግን፣ የቱንም ያህል ደህና ቢመስሉ፣ አውጥታችሁ በአዲስ ቀይሩ።